ስለ እግዚአብሔር ተብሎ መዋሸት ይገባልን?

በአንድ ቁምስና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በተዘጋጀ ሴሚናር ላይ አንድ ወጣት መምህር ተነሥቶ፣ «አባ፣ የኢያሪኮ ቅጥር በእርግጥ ወድቋልን? ቆፍረው ያጡት አሉ ይባላል» ሲል ጠየቀን። እኛም መሽቷል በሚል ሰበብ «ልጄ፣ እምነትህን አጽና» ብለን አለፍነው። ወጣቱ ዳግመኛ አልጠየቀም። ያ ዝምታው እስከ ዛሬ ይከነክነናል፤ መልሱን እያወቅን ሸሽተናልና።

እንግሊዛዊው ጆን ጋርስታንግ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በኢያሪኮ ቆፍረው የፈረሰ ቅጥር ባገኙ ጊዜ የኢያሱ ዘመን ነው ብለው አስታወቁ፤ ብዙ ምእመናንም ደስ አላቸው። ከ1952 እስከ 1958 በዚያው ስፍራ የቆፈሩት ካትሊን ኬንየን ግን የአፈሩን ንጣፍና የሸክላውን ስባሪ መርምረው፣ ያ ቅጥር ከኢያሱ ዘመን በብዙ መቶ ዓመታት እንደሚቀድም አሳዩ። ብዙ ሊቃውንት የኢያሱ ዘመን በሚሉት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከልደተ ክርስቶስ በፊት፣ በስፍራው ቅጥር ያላት ከተማ ለመኖሯ ማስረጃ አልተገኘም።

እንግዲህ የጥንቱን ታሪክ እንዲህ የሚጠራጠር ሊቅ በእምነት ላይ ይበድላልን? የዶሚኒካኑ ካህን የአባ ማሪ ጆሴፍ ላግራንዥ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ ብዙ ይነግረናል። እርሳቸው በ1890 በኢየሩሳሌም የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ የመጀመሪያው የመማሪያ ክፍል ቀድሞ የከብት ማረጃ የነበረ ቤት ነበር። በ1897 በፍሪቡርግ በተደረገ ጉባኤ፣ አምስቱ የሙሴ መጻሕፍት ከተለያዩ ምንጮች የተቀናበሩ መሆናቸውን አስረዱ። ስለዚህ አቋማቸው ብዙ መከራ ደረሰባቸው፤ በኦሪት ዘፍጥረት ላይ የጻፉት ትርጓሜ እንዳይታተም ተከለከለ፤ በ1912ም አንዳንድ መጻሕፍታቸው ከዘርአ ክህነት ቤቶች እንዲወገዱ ከሮም ታዘዘ። አባ ላግራንዥ ታዘዙ፤ ኢየሩሳሌምንም ለቀው ሄዱ፤ በ1913 ተመለሱ። ያመኑበትን ግን ሐሰት ነበር አላሉም። (ታዛዥነትንና እውነተኝነትን አጣምሮ መያዝ ከሁለቱ አንዱን ከመጣል ይልቅ ይከብዳል።) በ1938 ዐረፉ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ሊቃውንቱ የቅዱሳን ጸሐፍትን የአጻጻፍ ዓይነት እንዲመረምሩ አደፋፈሩ፤ ዳግማዊ የቫቲካን ጉባኤም በ1965 ይህንኑ አጸና።

ስለዚህ መጠራጠር በራሱ ኃጢአት አይደለም እንላለን። ኢዮብም ወዳጆቹን የገሠጻቸው ለእግዚአብሔር ጥብቅና ቆመናል እያሉ ሐሰት በመናገራቸው ነበር። ሆኖም ተጠራጣሪው ሊቅ የራሱንም ጥርጣሬ ሊጠራጠር ይገባዋል። ንጉሥ ዳዊት ከቶ አልነበረም የሚሉ ሊቃውንት ነበሩ። በ1993 በሰሜን እስራኤል፣ በቴል ዳን፣ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ9ኛው ክፍለ ዘመን በአራማይክ የተቀረጸ ድንጋይ ተገኘ፤ አብዛኞቹ ተመራማሪዎችም በላዩ «ቤተ ዳዊት» የሚል አነበቡ። አንዳንዶቹ ግን ንባቡን ሌላ ትርጉም ሊሰጡት ብዙ ደከሙ። ማስረጃ ሲመጣ የማይታረም ጥርጣሬ፣ ጋርስታንግ ቅጥሩን ባዩ ጊዜ ከተፈጠረው ጥድፊያ በምን ይለያል? ያልተገኘ ሁሉ አልነበረም ማለትም፣ የተገኘ ሁሉ የእኛው ነው ማለትም አንድ ዓይነት ችኮላ ነው።

ያን ወጣት በሚቀጥለው ሴሚናር ፈልገን አገኘነውና፣ ያለፈውን ይቅርታ ጠይቀን፣ ኬንየን ያገኙትን ሁሉ ነገርነው። ጥቂት ዝም አለና፣ «እንግዲያው ለሕፃናቱ ምን ልበላቸው?» አለን። ታሪኩን እንደ ተጻፈ አንብብላቸው፤ ሕዝቡ ከተማይቱን በኃይሉ ያገኛት ሳይሆን ከአምላኩ እጅ የተቀበላት መሆኑን መጽሐፉ ምን ያህል አጥብቆ እንደሚናገር አሳያቸው፤ ከእነርሱ አንዱ ስለ ቅጥሩ ከጠየቀህ ግን መሽቷል አትበለው አልነው።