ጋጋኖና አደይ አበባ

ጌታችን በተራራ ላይ ሲያስተምር ለሚጨነቁ ሰዎች ሁለት መምህራንን አሳያቸው፤ አንዱ ወፍ፥ ሁለተኛውም አበባ ነው። ይህም በማቴዎስ ወንጌል በ6ኛው ምዕራፍ ተጽፎአል። በደሴ በሆጤ የምትኖሩ ተማሪዎችና ነጋዴዎች እነዚህን መምህራን ለመፈለግ ሩቅ አትሄዱም።

ጋጋኖን ተመልከቱ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ፥ በጉሮሮው ሥር ሥጋ የተንጠለጠለበት፥ በክንፉም ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ወፍ ነው። ከባልንጀሮቹ ጋራ በረግረጉና በመስኩ እየተመላለሰ፥ ረዥምና ቆልማማ መንቆሩን በእርጥብ ምድር ውስጥ እየሰደደ ትል ይለቅማል። ጎተራ የለውም፤ ሰነፍ ግን አይደለም። እግዚአብሔር ይመግበዋል፤ ምግቡን ግን በገደል ላይ ወዳለው ጎጆው አይጥልለትም።

አደይ አበባንም ተመልከቱ። እርስዋ ካለችበት አትነቃነቅም። የክረምቱን ዝናብና ብርድ ታግሣ በመስከረም ሜዳውን ቢጫ ታለብሰዋለች፤ ከጥቂት ሳምንትም በኋላ ትረግፋለች። ጋጋኖ ትጋትን፥ አደይም ትዕግሥትን ታስተምረናለች። ወፉ አበባይቱን ስለ መቆምዋ አይነቅፋትም፤ እርስዋም በጥቁር ላባው ላይ አትኰራም። በእኛ መካከል ግን የሚሮጠው የቆመውን ሰነፍ ይለዋል፤ የለበሰውም የታረዘውን ይንቃል።

ነገር ግን፦ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ በሆነ ጊዜ ከወፍ የሚበልጥ ሰው ስለ ምን አለቀ? ብሎ የሚጠይቀን ይኖራል። ጥያቄው የእውነት ነውና በቀላል ቃል አናልፈውም። ያን ጊዜ እህል ከአገሩ ፈጽሞ አልጠፋም፤ በደሴ ገበያም ይሸጥ ነበር። ሰብሉና ከብቱ ያለቀበት ድኻ ግን የሚገዛበት አጣ፤ መንግሥትም የረሃቡን ወሬ ሰወረ። ስለዚህ የታጠፈው የሰማዩ አባት እጅ አልነበረም፤ እርሱ የሰጠውን የያዘው የሰው እጅ ነበረ እንጂ።

እንግዲህ የተራበውን፦ እግዚአብሔር ይመግብህ ብለን ባዶ እጁን ብናሰናብተው የጌታን ቃል መሳለቂያ እናደርገዋለን። መስከረም 17 ቀን ለመስቀል በዓል አደይን ይዛችሁ ስትወጡ፥ አስቀድማችሁ የጎረቤታችሁን ደጅ ተመልከቱ። ነጋዴ ሆይ፥ በክረምት የእህልን ዋጋ በድኻው ላይ አታክብድ። ተማሪ ሆይ፥ እንደ ጋጋኖ ትጋ፥ እንደ አደይም ጊዜህን ታገሥ፤ ደብተር ለሌለው ባልንጀራህም ከደብተርህ አካፍለው። አምላክ ሌላውን የሚመግብበትና የሚያለብስበት እጅ የእናንተ እጅ ይሁን።