በምናራኒ ኩሬ ዳር

የሚነበበው፦ መዝሙረ ዳዊት 103 (104)፥ 24—30፤ 1ኛ ሳሙኤል 2፥ 18—20።



መዝሙረኛው ስለ ሰማይና ስለ ምድር፣ ስለ ምንጭና ስለ ዛፍ ከዘመረ በኋላ ፊቱን ወደ ባሕር ይመልሳል። በዚያ ታናናሾችና ታላላቆች ፍጥረታት እንደሚመላለሱ፣ ሁሉም ምግባቸውን ከእግዚአብሔር እጅ እንደሚጠባበቁ ይነግረናል። እኛ በደጋ የተወለድን ሰዎች ይህን ክፍል ስናነብ ብዙ ጊዜ ፈጥነን እናልፈዋለን። ተራራውን እናውቀዋለን፤ ዝናሙንም እናውቀዋለን፤ ባሕሩን ግን አብዛኞቻችን በመጽሐፍ ብቻ ሰምተነዋል። ለሥራ ወደ ዳሬሰላም መጥተን ስድስት ዓመት ከተቀመጥን በኋላ እንኳ እኛ ባሕሩን እንደ ጎረቤት አጥር አድርገን እናየው ነበር እንጂ፣ በውስጡ ያለውን ጠጋ ብለን አልተመለከትንም።

ባለፈው የዕረፍት ወራት ከልጆቻችን ጋር ወደ ዛንዚባር ተሻገርን። የሄድንበትን ምክንያት ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል፤ ያለዚያ የምንጽፈው ሁሉ ከንቱ ይሆናልና።

ታላቂቱ ልጃችን የነርስነት ትምህርቷን ፈጽማ፣ በሌላ ሀገር ደጋ ላይ ባለ የሚስዮን ሆስፒታል ለማገልገል አመልክታ ነበር። መልሱ በቤተ ሰቡ የፖስታ ሣጥን መጣ። በላዩ የተጻፈው የእርሷ ስም ነበር፤ ከፍተን ያነበብነው ግን እኛ ነን። ተቀብለዋታል፤ እስከ ተወሰነ ቀንም ፈቃዷን እንድታስታውቅ ይጠይቃሉ። ደብዳቤውን መልሰን አጥፈን በመሳቢያ ውስጥ አኖርነው። እርስ በርሳችንም ምክንያታችንን አሳምረን ተነጋገርን። ገና ልጅ ናት፤ ሀገሩ ሩቅ ነው፤ አምና ታማ ነበር፤ ከዕረፍት ስንመለስ እንነግራታለን አልን። ከዚህ በኋላ ልጆቹን ደስ ለማሰኘት ወደ ባሕር ዳር እንውሰዳቸው ተባባልን። እርሷም ስለዚህ ነገር ምንም ሳታውቅ ጓዛችንን በደስታ አሰናዳች።

መርከቡ ከዳሬሰላም ሲነሣ፣ ጀርመኖች በገዙበት ዘመን የተሠራው የአዛንያ ፍሮንት ሉተራዊ ቤተ ክርስቲያን ቀይ ጣሪያ ቀስ በቀስ ከኋላችን ራቀ። ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዘን ዛንዚባር ከተማ ደረስን። በ1873 እ.ኤ.አ. የተዘጋው የባሪያ ገበያ በነበረበት ስፍራ የቆመውን የአንግሊካን ካቴድራልም አየን፤ ስለ እርሱ ሌላ ጊዜ እንጽፍ ይሆናል። በማግሥቱ በመኪና ወደ ሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን ወደ ኑንግዊ ደረስን። ይህች የዓሣ አጥማጆችና የጀልባ ሠሪዎች መንደር ናት፤ በባሕሩ ዳር የእንጨት ጀልባ ሲጠርቡ የመጥረቢያው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል።

በመንደሪቱ ጫፍ፣ ለመርከቦች ብርሃን ከሚሰጠው ማማ አጠገብ፣ ምናራኒ የሚባል ትንሽ ስፍራ አለ። ምናራኒ ማለት በስዋሂሊ ቋንቋ ከማማው ዘንድ ማለት ነው። የመንደሩ ሰዎች በ1993 እ.ኤ.አ. ለባሕር ኤሊዎች መጠበቂያ ያደረጉት ኩሬ ነው። በታላላቅ ከተሞች እንዳለው የመስተዋት አዳራሽ የመሰለው ሰው ቢኖር ያዝናል፤ ታናሹ ልጃችንም መጀመሪያ አዝኖ ነበር። መስተዋት የለም፤ የኤሌክትሪክ መብራትም አያስፈልገውም። ባሕሩ ራሱ በኮራል ድንጋይ መካከል የቦረቦረው ጎድጓዳ ስፍራ ነው። ዙሪያው ያለው ድንጋይ ውኃ ያሳልፋል፤ ስለዚህ ባሕሩ ሲሞላ ኩሬው ይሞላል፤ ባሕሩ ሲጎድል ኩሬውም ይጎድላል። በዚያ ጠረፍ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዳንድ ቀን እስከ 4 ሜትር ይደርሳል። ኤሊዎቹ በግንብና በድንጋይ ቢከለሉም ባሕሩ በየቀኑ እየመጣ ይጎበኛቸዋል።

አንድ ሽማግሌ ጠባቂ ተቀበለን። የእስልምና ሃይማኖት ሰው ነው፤ ንግግሩ ዝግ ያለ፣ ትሕትና የሞላበት ነበር። ለልጆቹ እፍኝ እፍኝ የባሕር አረም ሰጣቸውና በውኃው ላይ ሲበትኑት ከታች ጥቁር ጥላ ተነሣ፤ ቀጥሎም እንደ ሰፌድ የሰፉ ጀርባዎች ብቅ ብቅ አሉ። በመቅዘፊያ መሳይ እግራቸው ሲሄዱ የሚበሩ ይመስላሉ። ራሳቸውን አውጥተው አየር ሲስቡ እንደ ደከመ ሰው በረዥሙ ይተነፍሳሉ። ኤሊ እንደ ዓሣ አይደለችምና፤ በሳንባ የምትተነፍስ ናት። ዐርፋ ስትተኛ ለብዙ ሰዓት ከውኃ በታች ልትቆይ ትችላለች፤ በመረብ ተይዛ ስትታገል ግን ትንፋሿ ፈጥኖ ያልቅና ትሰጥማለች። የባሕር ልጅ በባሕር ውስጥ የምትሰጥመው እንዲህ ነው። ወደ ኩሬው ከመጡት ብዙዎቹ ሳይታሰቡ በዓሣ አጥማጆች መረብ የተያዙ ናቸው፤ አጥማጆቹ ሥጋቸውን ለገበያ ማውጣት ሲችሉ ወደዚህ ያመጧቸዋል።

አፏ እንደ ጭልፊት አፍ የቆለመመ አንዲት ኤሊም አሳየን። የዚህች ዘር ቅርፊት የዘቢብና የማር ቀለም አለው። ለማበጠሪያና ለጌጥ ሣጥን ሲባል ብዙ ዘመን ስትታደን ኖራለች፤ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በሀገሮች መካከል በእርሷ መነገድ በዓለም አቀፍ ስምምነት ተከልክሏል። ሴቶቻችን በጥንት ሣጥናቸው ያኖሩት ማበጠሪያ ከምን እንደ ተሠራ ጠይቀው ያውቁ ይሆን?

ልጁ ከዓይኗ ውኃ ሲወርድ አይቶ፣ «አባዬ፣ ታለቅሳለች!» አለ። ጠባቂው ፈገግ ብሎ የነገሩን ምሥጢር አስረዳው። የባሕር ኤሊ ከምትበላውና ከምትጠጣው ጋር የሚገባውን ብዙ ጨው በዓይኗ አጠገብ ባለ ዕጢ ታስወጣለች፤ እንባዋ ኀዘን ሳይሆን ጤና ነው። ልጁ ግን አልተወውም። «ታዲያ ይህ ሆስፒታል ነው ወይስ እስር ቤት?» ብሎ ጠየቀ።

ሽማግሌው ጥቂት ዝም አለ። «እንደ ቀኑ ነው» አለ በኋላ። «ቍስሏ እስኪጠግግ ድረስ ሆስፒታል ነው። ከዚያ ወዲያ ግን በየቀኑ መጠየቅ አለብን። ኤሊ ከእኛ ጋር ስትቆይ እጃችንን ትለምዳለች፤ የሰው ጥላ ስታይ ምግብ መጣልኝ ብላ ወደ እርሱ ትወጣለች። በባሕር ላይ የሰው ጥላ መረብ ነው።»

ታላቂቱ ልጃችን፣ «መልቀቅ ይከብዳችኋልን?» አለችው።

«ይከብደናል» አለ። «ስም ያወጣንላት እንደ ሆነ ደግሞ ይብስ ይከብዳል።»

በዚያን ሰዓት እኛ ሁለታችን እርስ በርሳችን አልተያየንም።

ስለ እነዚህ ፍጥረታት ከዚያ በኋላ ያጠናነውን ጥቂት እንጨምር። እናቲቱ በሌሊት ከባሕር ወጥታ አሸዋውን በኋላ እግሯ ትቆፍርና መቶ ያህል እንቁላል ትጥላለች፤ በጥንቃቄም ትሸፍነዋለች። ከዚያ ወደ ውኃዋ ትመለሳለች፤ ልጆቿን አታያቸውም። ሁለት ወር ያህል ሲሆነው ጫጩቶቹ በሌሊት ከአሸዋው ይወጡና ብርሃን ወደሚታይበት ወደ ባሕሩ አድማስ ይሮጣሉ። በዳርቻው ላይ የሰው መብራት ካለ እርሱን ተከትለው ወደ የብስ ይስታሉ። ለዐቅመ እናትነት ለመድረስ ከ20 እስከ 30 ዓመት፣ ከዚያም የሚበልጥ ጊዜ ይወስድባቸዋል፤ ከብዙ መቶዎቹም የሚደርሱት እጅግ ጥቂት ናቸው። ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ሴቲቱ ብዙ ባሕር አቋርጣ ወደ ተወለደችበት አካባቢ ትመለሳለች። መንገዷን ከምታገኝባቸው ነገሮች አንዱ ምድር በውስጧ ያላት የማግኔት ኀይል እንደ ሆነ ሊቃውንት ደርሰውበታል። መንገዱን ማንም አላሳያትም፤ ከመፈልፈሏ በፊት ግን ሰጪዋ ሰጥቷታል።

ከእንስሳት ምሳሌ እየወሰዱ ወላጆችን መገሠጽ ለሰባኪ ቀላል ነው፤ እኛ ግን እንደዚህ ያለውን ስብከት እንጠራጠራለን። ሰው ኤሊ አይደለም። ልጆቹን በአሸዋ ቀብሮ እንዲሄድ አልታዘዘም፤ እንዲያጠባ፣ እንዲያስተምር፣ እንዲገሥጽ ታዝዟል። እንኳን እኛ ኢዮብም ስለ ሰጎን ሲሰማ፣ እንቁላሏን በምድር ላይ ትታ መሄዷ ጥበብ እንዳልተሰጣት እንደሚያሳይ ተነግሮታል። ስለዚህ ከኩሬው ዳር ቆመን የፈለግነው የኤሊቱን ምሳሌ ሳይሆን የሐናን ነበር። ሐና የለመነችውን፣ ያለቀሰችለትን ልጅ አሳድጋ ወደ ሴሎ ወሰደችው። ያም ቤት የታመነ ቤት አልነበረም፤ የዔሊ ልጆች ምን ያደርጉ እንደ ነበር ሀገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። እርሷ ግን ሳሙኤልን ለዔሊ ልጆች አልሰጠችውም፤ ለእግዚአብሔር ሰጠችው። ከሰጠችውም በኋላ እናትነቷ አልቀረም። በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር። ቁመቱን ሳታይ በምን ለካችው? ዘንድሮ ይህን ያህል አድጎ ይሆናል እያለች በልቧ እየለካች ሰፋችው እንጂ።

እኛስ? በየማታው ከመኝታ በፊት ልጆቻችንን ጠብቅልን ብለን እንጸልይ ነበር። ደብዳቤውም በመሳቢያው ውስጥ ሳለ ይህንኑ ጸሎት አላቋረጥንም። ጠብቅልን እያልን ከጠባቂው እጅ እየነጠቅን ነበር። የሉተርን ትንሹን ካቴኪዝም ለልጆቻችን በቤት አስተምረናል። አባትህንና እናትህን አክብር የሚለውን አራተኛውን ትእዛዝ በሚገባ አስጠንተናቸዋል። አትስረቅ የሚለውን ሰባተኛውን ግን እኛው ራሳችን በመሳቢያ ቆልፈንበት ነበር። በፖስታው ላይ ያለው ስም የእኛ አልነበረምና።

በዚያች ሌሊት በእንግዳ ማረፊያው ሰገነት ላይ ነገርናት። ከሁለታችን ቃሉን የጀመረው ማን እንደ ሆነ አሁን ትዝ አይለንም። እስከ መጨረሻው ሰማችን፤ ከዚያም አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «ስንት ቀን ቀረው?» አለች።

ቀኑ ካለፈ ዐራት ቀን ሆኖት ነበር።

ጧት በስልክ ደወለች። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፤ ስሟን ግን ለሚቀጥለው ጊዜ እንደሚይዙላት፣ እርግጠኛ መልስ ግን በጽሑፍ እንደሚልኩ ነገሯት። ይቅርታ ጠየቅናት። «ሰማሁ» አለችን፤ ከዚህ የሚበልጥ እስከ ብዙ ቀን አልተናገረችንም። በመርከቡ ስንመለስም ብቻዋን በስተኋላ ተቀምጣ ውኃውን ትመለከት ነበር። ልናስቀራት ፈልገን ነበር፤ እነሆ ቀረች፤ የክፍሏም በር ተዘጋ። በክርስቶስ ደም የተገኘው ይቅርታ ለእኛም እንደ ሆነ እናምናለን፤ በጌታ ማዕድ ፊትም ተንበርክከን ተቀብለነዋል። ነገር ግን ከእግዚአብሔር ይቅርታን ያገኘ ሰው፣ ከበደለው ሰው ዘንድ እንደ ግብር አይሰበስበውም። ስለዚህ አልጠየቅናትም፤ ጠበቅን።

ታናሹ ልጅ የኤሊዎቹን ሥዕል ሥሎ በመመገቢያው ክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፏል፤ በኩሬው ግንብ ላይ ግን አንድ ትልቅ ቀዳዳ ጨምሮበታል። እናቲቱ የሱፍ ክር ገዝታለች፤ ያ ሀገር ብርዳም ነውና። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጃችን ክሩን አንሥታ በእጇ ዳሰሰችው፤ «ይህ ቀለም አይመቸኝም፤ ሰማያዊ ይሁንልኝ» አለች። እናቲቱም በማግሥቱ ሄዳ ለወጠችው።

ሐሙስ ዕለት በፖስታ ሣጥኑ ውስጥ በስሟ የተጻፈ ፖስታ አገኘን። ሳንከፍት አምጥተን በምሳ ጠረጴዛ ላይ ከሰሐኗ አጠገብ አኖርነው።