ካቢኔ እንዲያቋቁም የሚጠራው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በማርች 2010 በተካሄደው የኢራቅ ምርጫ ከ325ቱ መቀመጫዎች የኢያድ አላዊ ኢራቂያ ጥምረት 91፣ የጠቅላይ ሚኒስትር ኑሪ አል ማሊኪ ዝርዝር ደግሞ 89 አገኙ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 76 መሠረት ፕሬዚዳንቱ ካቢኔ እንዲያቋቁም የሚጠሩት በምክር ቤቱ ብዙ አባላት ያሉትን ቡድን ዕጩ ነው። በ2 ወንበርም ቢሆን አንደኛ የወጡት አላዊ ነበሩ።

ሆኖም አልተጠሩም። ውጤቱ ይፋ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለማሊኪ ጥያቄ መልስ ሰጠ፤ ትልቁ ቡድን በምርጫው ብዙ ወንበር ያገኘው ዝርዝር ብቻ ሳይሆን፣ ከምርጫው በኋላ ዝርዝሮች ተጣምረው የሚፈጥሩትም ሊሆን ይችላል አለ። የሺዓ ፓርቲዎች ተሰባሰቡ፤ ወራት የፈጀ ድርድር ተካሄደ፤ በዲሴምበር ማሊኪ ካቢኔያቸውን አስጸደቁ።

ለመሆኑ መራጩ ድምፁን ሲሰጥ ምን ሰጠ? ማን ቀድሞ እንዲሞክር ወሰነ? ወይስ ተደራድረው አብላጫ እንዲፈጥሩ ወኪሎቹን ላከ? ሁለተኛው ለእውነት ይቀርባል። 91 ወንበር ከ325 ሲሶ እንኳ አይሞላም፤ አንደኛ መውጣትም ብቻውን የመግዛት መብት አያጎናጽፍም። በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ2009 የዚፒ ሊቭኒ ካዲማ 28፣ ሊኩድ 27 መቀመጫ ይዘው ሳለ ፕሬዚዳንት ሺሞን ፔሬዝ ፓርቲዎቹን አማክረው መንግሥት የመመሥረቱን ዕድል ለሊኩዱ መሪ ለኔታንያሁ ሰጡ። እዚያ ግን ሕጉ ቀድሞውንም ለአንደኛው ፓርቲ የገባው ቃል አልነበረም።

የባግዳዱ በደል ያለው ትርጉሙ የተሰጠበት ጊዜ ላይ ነው። ፈላስፋው ጆን ሮልስ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው የፍትሕ ንድፈ ሐሳብ፣ ፍትሐዊ ደንብ ሰዎች የራሳቸውን ዕጣ ሳያውቁ የሚስማሙበት ነው ይላል። ዳኞቹ የአንቀጹን ትርጉም ሲመርጡ ግን ድምፅ ተሰጥቶ አብቅቷል፤ የትኛው ትርጉም ማንን እንደሚጠቅምም ግልጽ ነበር። በጃንዋሪ 2005 ከምርጫ የራቁት ብዙ ሱኒዎች በ2010 ወጥተው ለኢራቂያ ድምፅ ሰጥተዋል። በምርጫ ሥርዓቱ ላይ እምነት እንዲጥሉ የሚፈለጉት እነዚሁ ዜጎች ነበሩ። ያንን እምነት መጉዳት ከየትኛውም የወንበር ስሌት ይከብዳል።

ደንቡን ከምርጫ በፊት ግልጽ ማድረግ ግን ይቻላል። በግሪክ ሕገ መንግሥት ተራው አስቀድሞ ተጽፏል፤ አብላጫ ያገኘ ፓርቲ ከሌለ፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ፓርቲዎች መንግሥት ለመመሥረት እንዲሞክሩ በየተራ ሦስት ሦስት ቀን ይሰጣቸዋል። በሜይ 2012 የሦስቱ ፓርቲዎች መሪዎች ሳማራስ፣ ጺፕራስና ቬኒዜሎስ ሞክረው አልተሳካላቸውም፤ በጁን ሕዝቡ እንደገና መረጠ።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 56ም የአስፈጻሚነቱን ሥልጣን በምክር ቤቱ አብላጫ መቀመጫ ላገኘ ድርጅት ወይም ለተጣመሩ ድርጅቶች ይሰጣል። ጥምረቱ ከምርጫ በፊት የታወጀ መሆን አለበት ወይስ በኋላ የተፈጠረም ይበቃል? አንቀጹ አይናገርም። ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ምክር ቤቱን ሁልጊዜ አንድ ግንባር ወይም አንድ ፓርቲ ስለያዘው ጥያቄው ተነሥቶ አያውቅም። የትኛውም ወገን በመልሱ ተጠቃሚ መሆኑን በማያውቅበት በዚህ ጊዜ ምክር ቤቱ በሕግ ሊመልሰው ይገባል።