የአውአሎም ውሸት ኃጢአት ነበር?

ጎፋ ገብርኤልን ተሳልሞ የሚመለስ ምእመን «በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር» የሚለውን ትእዛዝ ከልጅነቱ ያውቀዋል። የካቲት 23 ሲደርስ ግን ያው ምእመን በአንድ ሰላይ ይኮራል።

ባሻይ አውአሎም ሐረጎት ለጣሊያን ወሬ እንዲያመጡ የተቀጠሩ የትግራይ ሰው ነበሩ፤ ልባቸው ግን ከወገን ጋር ነበር። የምኒልክ ሠራዊት ገሚሱ ስንቅ ፍለጋ ተበትኗል፣ ገሚሱ አክሱም ጽዮን ለመሳለም ሄዷል ብለው ለጣሊያን ጦር አዛዥ ለጄኔራል ባራቲዬሪ ነገሩት። ወደ 17 ሺህ የሚጠጋው የጣሊያን ጦር የካቲት 22 ቀን 1888 ዓ.ም. ማታ ከምሽጉ ወጣ። በማግስቱ ዓድዋ ላይ ተደመሰሰ።

ወሬው ብቻውን ድሉን አላመጣም። የጣሊያን ስንቅ እያለቀ ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ ከሮም ይጎተጉታል፤ የጄኔራል አልቤርቶኔ ብርጌድም በካርታ ስህተት ከሌላው ርቆ ሄደ። ያመነታ የነበረውን ጄኔራል ካደፋፈሩት ነገሮች አንዱ ግን ይኸው ወሬ ነው።

በመጽሐፍ ቅዱስም ረዓብ በኢያሪኮ ሁለቱን የእስራኤል ሰላዮች ሰገነቷ ላይ በተልባ እንጨት ሸፍና «ሄደዋል» ብላለች። ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ እንደ ጸደቀች ይመሰክርላታል። አውግስጢኖስ ግን የተመሰገነችው በርኅራኄዋ እንጂ በውሸቷ አይደለም ይላል።

አውአሎም የዋሹት በባልንጀራቸው ላይ አይደለም፤ አገሩን ሊወር ከመጣ ጦር ባልንጀራቸውን ለማዳን ነው። ከትእዛዙ ውስጥ «በባልንጀራህ ላይ» የምትለዋን ቃል ረግቶ የሚያነብ ሰው ባሻይን ለመኮነን ይቸገራል።