የምንፈራለት ነገር

ሰው በአፉ የሚመሰክረው እምነት አንድ ነገር ነው፤ ሌሊት ከእንቅልፉ የሚያባንነው ደግሞ ሌላ። እኔ ሃይማኖቴን ስጠየቅ ሳላመነታ እመልሳለሁ። ፍርሃቴ ወዴት እንደሚያደላ መመርመር የጀመርኩት ግን ለዓመታት የተመኘሁትን ውድ መኪና ይዤ ከቆየሁና በኋላ ሸጬው እንደ ወጣትነቴ ወደ ሞተር ሳይክል ከተመለስኩ ወዲህ ነው። ሰው ለየትኛው ነገር ቢፈራ ተገቢ ነው? ይህ ጥያቄ የእያንዳንዳችን ይመስለኛል።

መኪናው እ.ኤ.አ. የ1973 ሥሪት ፖርሽ 911 ነበር። 2.4 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ሞተሩ ከኋላ የተቀመጠ፣ ያለ ውሃ በአየርና በዘይት ብቻ የሚቀዘቅዝ። ፋብሪካው በአየር የሚቀዘቅዘውን 911 መሥራት ያቆመው በ1998 ነው፤ ከዚያ በኋላ የድሮዎቹ ፈላጊ በዛ፣ ዋጋቸውም ናረ። ዘይቱ የሚለካው ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ ሳይጠፋ፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ ነው። ያን ሁሉ በደስታ አደርግ ነበር። የሰው እጅ አሳምሮ የሠራውን ማድነቅ በደል ነው ብዬ ዛሬም አላምንም።

ዋጋው በጨመረ ቁጥር ግን መኪናው ከመንገድ እየራቀ ሄደ። የኢንሹራንሱ ውል በተቆለፈ ጋራዥ እንዲያድርና ለዕለት ሥራ እንዳይነዳ ያዛል። የተነዳበት ርቀት በጨመረ መጠን ዋጋው ይወርዳል። እዚህ ቨርጂኒያ በረዶ ሲጥል መንገዱ ላይ የሚበተነው ጨው ቆርቆሮ ይበላል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይዤው ስሄድ፣ በመኪና ማቆሚያው ኳስ የሚጫወቱ ሕፃናት ነበሩ። ካህኑ ልባችንን ወደ ላይ እንድናነሣ በሚያዝዙበት ሰዓት የእኔ ልብ እዚያ ኳሱ ጋር ነበር። የገዛ ወንድሞቼን ልጆች እንደ ጥፋተኛ እያየሁ ነበር የማስቀድሰው።

የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ የትኛው ባለጸጋ ይድናል በሚለው ጥያቄ ላይ ራሱን የቻለ ድርሰት ጽፏል። መነሻው ጌታ ያለህን ሸጠህ ተከተለኝ ያለው ባለጸጋ ታሪክ ነው። ቀሌምንጦስ ትእዛዙን የሚተረጉመው በዋናነት ወደ ነፍስ አዙሮ ነው፤ መጣል ያለበት በውስጥ ያለው የሀብት ፍቅር ነው፣ ሀብት ራሱ እንደ ተጠቃሚው ደግ ወይም ክፉ ሊሆን የሚችል መሣሪያ ነው ይላል። በሐሳቡ እስማማለሁ። ነገር ግን መሣሪያ የሚባለው የሚሠሩበት ነገር ነው። እንዳይጎዳ ተብሎ ከሥራ የተከለለ ዕቃ መሣሪያነቱ ቀርቷል፤ ዘበኛ የሚቆምለት ጌታ ሆኗል። ስለዚህ ሸጥኩት።

ወጣት ሳለሁ ምሥራቅ ጎጃም፣ ቢቸና አካባቢ፣ የግብርና ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ። መሥሪያ ቤቱ ያማሃ ሞተር ሰጥቶኝ ነበር። ክረምት ሲገባ ዋልካው በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል እየተጠቀጠቀ ጎማውን ጨርሶ ያቆመዋል። ያን ጊዜ ወርዶ፣ ሞተሩን አጋድሞ፣ በእንጨት መፋቅ ነው። መንገደኛው ገበሬ በትሩን አስቀምጦ ያግዘኛል፤ ትንሽ እንደሄድን እንደገና እንፍቃለን። በዚያ ሞተር ምርጥ ዘር አድርሼበታለሁ፤ የታመመ ልጅ የታቀፈች እናትም ወደ ጤና ጣቢያ ወስጄበታለሁ። ተጭሯል፣ ወድቋል፣ ለሰውም በውሰት ተሰጥቷል። ማንም ቢነካው ልቤ አይደነግጥም ነበር።

አሁን የያዝኩት ሮያል ኤንፊልድ ሂማልያን ነው፤ 411 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር። ብዙ ጊዜ የምሄደው ሸናንዶዋ ፓርክ ውስጥ በተራራው ጀርባ ላይ በተዘረጋው ስካይላይን ድራይቭ ነው። መንገዱ 169 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፤ የተፈቀደው ፍጥነትም በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሞተር በፍጥነት ላይ ሳለ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የመሪውን ቀኝ ጫፍ ወደ ፊት ገፋ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ያኔ ወደ ቀኝ ያጋድልና ይታጠፋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዓይን ኩርባው ወደሚያልቅበት መመልከት አለበት። ገደሉን ትኩር ብሎ ያየ ወደ ገደሉ ይሳባል። በእነዚያ ኩርባዎች ላይ ሐሳቤ አይበተንም። በጸሎት ሰዓት የምመኘው የልብ መሰብሰብ እዚያ ይገኛል።

የነፍስ አባቴ ይህን ስነግራቸው ዝም አላሉም። «ልጄ፣ ሥጋህስ የአንተ ነው ወይ? አደራ አይደለም?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ከባድ ነው፤ በአሜሪካ ለተነዳው ርቀት ሲሰላ የሞተረኛ የመሞት ዕድል ከመኪና ተሳፋሪ ከ20 እጥፍ በላይ ነው። የሰጠኋቸው መልስ ይህ ነበር፦ «አባታችን፣ አደራ መሆኑን ስለማምን ነው የምጠነቀቀው።» ሄልሜት በቨርጂኒያ ሕግ ግዴታ ነው፤ ወፍራም ጃኬቱንና ጓንቱን ግን በሙቀትም ቢሆን አላወልቅም። መጠጥ ከቀመስኩ ቁልፉን አልነካም። መስቀለኛ መንገድ ላይ ከፊት ለፊቴ መጥቶ ወደ ግራ ሊታጠፍ የቆመ መኪና ካየሁ እንዳላየኝ ቆጥሬ ፍጥነት እቀንሳለሁ፤ ብዙ ሞተረኛ የሚሞተው እንደዚያ ባለው ግጭት ነውና። ከዚያ በኋላ የሚቀረውን አደጋ አልክደውም። እግዚአብሔርን ከመፈታተን የሚለየኝ ይህ ጥንቃቄ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እሳቸውም ጸልየውልኝ፣ ጥንቃቄውን እንዳልተው አጥብቀው አዘዙኝ።

መነኮሳቱ ሞትን ማሰብን እንደ ሥራ ይዘውት ኖረዋል። እኔ ዓለማዊ ነኝ፤ ሞቴን የማስበው ሄልሜቴን ሳጠልቅ ነው። ይህ የሞት ፍርሃት ግን ከመኪናው ፍርሃት ጋር በፍሬው ይለያያል። የመኪናው ፍርሃት ሕፃናትን እንድጠረጥር፣ ዝናብን እንድጠላ፣ የሰው እጅ እንድሸሽ አደረገኝ። የሞተሩ ፍርሃት ባለቤቴን አኩርፌ ከቤት እንዳልወጣ አድርጎኛል። በአንድ በኩል የተናደደ ሰው ኩርባውን በቅጡ አያየውም። በሌላ በኩል ደግሞ የመመለሴ ነገር በእጄ ያለ አይደለምና ይቅርታዬን ለማታ አላሳድርም።

ፍርሃት ከሰው ልብ ጨርሶ የሚወጣ አይመስለኝም፤ ወዴት እንደምንልከው መምረጥ ግን እንችላለን። ለዕቃ የተሰጠ ፍርሃት ሰውን ያርቃል። ነፍስ አደራ መሆኗን አውቆ የሚፈራ ሰው ግን ከባልንጀራው ጋር ለመታረቅ ይቸኩላል። ያላችሁን ሁሉ ሽጡ አልልም፤ አንዱ የተጨነቀበት ንብረት ለሌላው ቀላል መሣሪያ ሊሆን ይችላል። የያዝነው ነገር ሰው ሲቀርበው የሚያስደነግጠን ከሆነ ግን፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን፣ ከእኛ የሚወስደው ይበልጣል።