ግቢያችንን ስናስነጥፍ ውኃው ወዴት ይሂድ?

ግንቦት ተጋምሶ ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር በየቤቱ አንድ ወሬ ይነሳል። አባወራው «ዘንድሮስ ግቢውን ኮብልስቶን ላስነጥፈው» ይላል። እማወራዋ «ሊሾ ይሻላል፤ ለመጥረግም ይቀላል» ትላለች። ጅዳ ወይም ዱባይ ሆኖ ገንዘብ የሚልክ ልጅ ካለ ደግሞ በስልክ «ለምን ባለቀለሙን የሲሚንቶ ንጣፍ አታደርጉትም?» ብሎ ይጨምርበታል። ክርክሩ ሁሉ በመጨረሻ ወደ አንዲት ቃል ይጠቀለላል፦ ያዋጣል ወይ? ዛሬ በዚህች ቃል ላይ ትንሽ እንቆይ። «ይህ የግንበኛና የደላላ ጉዳይ ነው፤ ከዲን ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ወንድም ቢኖር ጥቂት እንዲታገሰን እንለምነዋለን።

በመጀመሪያ የገንዘቡን ነገር ባጭሩ እንጨርሰው። ደላላ ከጠየቃችሁ ያዋጣል ይላችኋል፤ ሥራው ይኸው ነውና። እርግጥ ነው የተነጠፈ ግቢ ቤት ሊገዛ ወይም ሊከራይ የመጣን ሰው ዐይን ይይዛል። ነገር ግን ገዢ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ካርታው፣ ስለ ስፋቱና መኪና ስለሚያስገባው መንገድ ነው። ንጣፉን የሚያየው በኋላ ነው፤ አይቶም «እኔ ብሆን ሌላ ዓይነት አደርገው ነበር» ብሎ ዋጋ ሊከራከርበት ይችላል። በዚያ ላይ የከተማ ቦታ በ1967 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ ጀምሮ የኛ የምንለው በመሬቱ ላይ የሠራነውን እንጂ መሬቱን አይደለም። በ2016 ዓ.ም የኮሪደር ልማት በአዲስ አበባ ከተጀመረ ወዲህም ስንት ዘመን የተኖረባቸው ግቢዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲነሱ ተመልክተናል። ስለዚህ ድንጋይ አንጥፎ ትርፍ የሚጠብቅ ሰው ስሌቱ የላላ ነው። ሊኖርበት የሚያስነጥፍ ግን ሌላ ነገር እየገዛ ነው፤ እሱን ለብቻው ማየት ይገባል።

በብዙ ግቢዎቻችን መጸዳጃው ከቤቱ ተነጥሎ ጥግ ላይ ነው ያለው። በሐምሌ ጨለማ ለሱብሒ ውዱእ ልታደርግ የወጣች እናት ጭቃ ላይ ተንሸራታ ዳሌዋ ከተሰበረ፣ የዚያ ቤት ስቃይና ወጪ ከንጣፉ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ግቢው የሐዘን ድንኳን ይተከልበታል፣ ኒካሕ ይደገስበታል፣ በረመዷን ጎረቤት ተሰብስቦ ያፈጥርበታል። ይህን ሁሉ ከንቱ ወጪ ነው የሚል ሰው በጭቃ ግቢ ያልኖረ መሆን አለበት።

ወደ ቀደምት ታሪካችንም ብንመለስ ጭቃና ድንጋይ እንግዳ ነገሮች አይደሉም። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጊድ ወለሉ አፈር፣ ጣሪያው የተምር ዝንጣፊ ነበር። አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ በረመዷን ሃያ አንደኛዋ ሌሊት ዝናብ ጥሎ ጣሪያው አፍስሶ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሱብሒ አሰግደው ሲዞሩ የውኃና የጭቃ ምልክት በግንባራቸው ላይ ታይቷል። አቡ ዳውድ በዘገቡት ደግሞ፣ አንድ ሌሊት ዘንቦ መሬቱ በመረጠቡ አንድ ሰው በልብሱ ጠጠር እያመጣ ከሥሩ ሲያነጥፍ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አይተው ሥራውን አድንቀዋል። በሙዓዊያ (ረ.ዐ) ዘመንም የመዲናው ገዥ መርዋን ኢብኑል ሐከም በመስጊዱ ዙሪያ ያለውን ቦታ በድንጋይ አስነጥፎ ነበር፤ ቦታውም አል-በላጥ በሚል ስም ታውቋል። እንግዲህ ድንጋይ ማንጠፍ በራሱ የሚነወር ነገር አይደለም።

በሌላ በኩል አንድ የሚያስደነግጥ ንግግር አለ። ኸባብ ኢብኑል አረት (ረ.ዐ) የቤታቸውን ግድግዳ እየገነቡ ሳለ ሊጠይቋቸው ለመጡት ሰዎች፣ ሙስሊም ከሚያወጣው ገንዘብ ሁሉ አጅር እንደሚያገኝ፣ በዚህ አፈር ላይ ከሚያደርገው በስተቀር መሆኑን ነግረዋቸዋል። ይህንንም ቡኻሪ ዘግበውታል። ልብ በሉ፤ ኸባብ ይህን ሲናገሩ እጃቸው ከግንባታው አልተነሳም። ኢብን ሐጀር ንግግሩ ከሚያስፈልገው በላይ በሆነ ግንባታ ላይ የሚውል መሆኑን አብራርተዋል። በእኔ አስተያየት ልዩነቱን ማወቅ ያን ያህል አይከብድም። ጭቃን ለመከላከል የተነጠፈ ድንጋይ ሐጃ ነው። ደህና የሆነው ድንጋይ ተነቅሎ፣ ከፊት ለፊት ያለው ቤት ግራናይት ስላስነጠፈ ብቻ በግራናይት ሲለወጥ ግን ስሙ ኢስራፍ ነው፤ ባለቤቱም ለራሱ ያውቀዋል። (ዘካ የሚያወጣበት ቀን ሲቃረብ ገንዘቡን ከኒሷብ በታች ለማውረድ ብሎ ግንበኛ የሚጠራም አይጠፋም። የሚኖሩበት ቤት ዘካ የለበትም፤ ይሁን እንጂ ይህን ሒላ ያደረገ ሰው ድንጋዩን እንጂ ጌታውን እንዳላታለለ ይወቀው።)

እስካሁን ያልነው ሁሉ ስለ ባለቤቱና ስለ ኪሱ ነው። ያዋጣል ወይ ብለው የሚጠይቁት ሁሉ ሒሳቡን በግቢያቸው በር ላይ ይዘጉታል። ጭንቀቴ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው።

እስኪ አብረን እናስላ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ነው። የአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ አብዛኛውም የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። መቶ ካሬ ሜትር ግቢ በሊሾ ተደፍኖ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 3,000 ሊትር ውኃ ይሰበሰባል፤ ባለ 200 ሊትሩ በርሜል አሥራ አምስት ማለት ነው። የጣሪያው ገና አልተቆጠረም። አፈሩ ባዶ በነበረ ጊዜ ከዚህ ከፊሉን ይመጠው፣ ሣሩና የጓሮው ጎመን ይዘው ያቆዩት ነበር። ነሐሴ ላይ አፈርም ጠግቦ ብዙ እንደማይመጥ አውቃለሁ። ቢሆንም በአፈር ላይ ቀስ ብሎ የሚሄደውና በሊሾ ላይ እየጋለበ የሚወርደው ውኃ ጉልበታቸው አንድ አይደለም።

ታዲያ ይህ አሥራ አምስት በርሜል ወዴት ይሄዳል? ከተማችን ተዳፋት ናት፤ ከእንጦጦ ጀምሮ ወደ ታች ነው የምትወርደው። ከሁላችንም በታች ሌላ ሰው አለ። ከታች ያለው ሰው ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ የጭቃ ቤት ነው። የጭቃ ቤት በአንድ ቀን ዝናብ አይወድቅም። በመጀመሪያ ከመሠረቱ አጠገብ ያለው ልስን ያብጣል፤ ከዚያ ይረግፋል፤ ከውስጥ ያለው እንጨት ይበሰብሳል፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ክረምት ግድግዳው ይዘማል። ያን ጊዜ ባለ ሊሾው ሰው የውኃውን ነገር ረስቶታል። ከታች ያለችው ሴት፣ ምናልባትም ባል የሞተባት የየቲሞች እናት፣ ግድግዳዋን በእንጨት ደግፋ «ቤቱ አርጅቶ ነው» ትላለች። ንጣፉ አዋጥቷል ሲባል ከዋጋው ከፊሉን የከፈለችው እሷ መሆኗን የሚነግራት የለም።

የቀደሙት ሰዎች ይህን ነገር በዝርዝር አውቀውታል። ኢማም ማሊክ በሙወጠእ እንደዘገቡት፣ አድ-ደሓክ ኢብን ኸሊፋ የመስኖ ውኃ በሙሐመድ ኢብን መስለማ መሬት ላይ ሊያሳልፉ ፈልገው ባለመሬቱ እምቢ አሉ። አድ-ደሓክም ውኃው እሳቸውንም እንደሚጠቅም፣ መጀመሪያም መጨረሻም እንደሚያጠጡበት፣ ጉዳትም እንደሌለው አስረዱ። እምቢታው ሲጸና ጉዳዩ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ዘንድ ደረሰ። ዑመርም ውኃው በሆዳቸው ላይም ቢሆን እንደሚያልፍ በአላህ ምለው ነገሯቸው፤ አለፈም። እዚህ ላይ የተፈቀደው የሚጠቅምና የማይጎዳ ውኃ ነው። የእኛ ግቢ ውኃ ከሁለቱ የትኛውን ያሟላል?

ኢማም አሕመድ በሙስነዳቸው የዘገቡት ሌላ ታሪክም አለ፤ በሰነዱ ላይ ዑለማዎች ቢናገሩም ለማስታወስ ይጠቅማል። ዑመር የጁሙዓ ልብሳቸውን ለብሰው ወደ መስጊድ ሲሄዱ ከዐባስ (ረ.ዐ) ቤት አሸንዳ ደም የተቀላቀለበት ውኃ ወርዶ ነካቸው። ሁለት ጫጩቶች ታርደው ኖሯል። ዑመር አሸንዳው እንዲነሳ አዘዙ፤ ልብስ ቀይረውም አሰገዱ። በኋላ ግን ዐባስ ያን አሸንዳ እዚያ ያኖሩት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እራሳቸው መሆናቸውን ሲነግሯቸው፣ ዑመር ጀርባቸውን ሰጥተው ዐባስን በላያቸው አስወጥተው አሸንዳውን ወደ ቦታው አስመለሱ። የሙስሊሞች መሪ ስለ አንድ አሸንዳ ጀርባቸውን መሰላል አድርገዋል። እኛ ስለ ግቢያችን ውኃ የታችኛውን ጎረቤት በር አንኳኩተን እንኳ አንጠይቅም።

ጎረቤት ስንልም ሙስሊሙን ብቻ ማለታችን አይደለም። ዐብዱላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ) ቤት በግ በታረደ ጊዜ ለአይሁዳዊው ጎረቤታቸው መሰጠቱን ደጋግመው መጠየቃቸውን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ይከለክላል፤ ነገር ግን ለዚህ ፍርድ ቤት እስኪኬድ መጠበቅ ለሙስሊም አያምርበትም።

«ዝናቡ የአላህ ነው፤ ቀደር ነው» የሚል አይጠፋም። ዝናቡን ያወረደው አላህ ነው፤ ተዳፋቱን ወደ ጎረቤት ያዘነበለው ግን ግንበኛው ነው፤ ያዘዘውም እኛ ነን። «እሱስ ለምን ዝቅ ብሎ ሠራ?» የሚልም አለ። ምናልባት ያ ሰው እዚያ የሰፈረው ይህ ግቢ ገና ሣር በነበረበት ዘመን ይሆናል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። በአሸዋ ላይ የተነጠፈ ድንጋይ በመጋጠሚያው ውኃ ያሰርጋል፤ መጋጠሚያው በሲሚንቶ ከተደፈነ ግን ከሊሾ አይለይም። ከአጥር ሥር ያልተነጠፈ፣ አትክልት የሚተከልበት መሬት ማስቀረት፣ ለጣሪያው ውኃ በርሜል ወይም ታንከር ማዘጋጀት፣ በግቢው ዝቅተኛ ቦታ ከቤት ራቅ ያለ ጠጠር የተሞላ ጉድጓድ መቆፈር፣ ቦዩንም ወደ ሰው ግድግዳ ሳይሆን ወደ መንገዱ ዲች ማድረስ ይቻላል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። የንጣፉ ዋጋ ሲባል ግን ይህም አብሮ ነው። ለድንጋዩ ደርሶ ለቦዩ የማይደርስ ገንዘብ ለንጣፉም አልደረሰም፤ አንድ ዓመት ይቆይ፣ ወይም ከበሩ እስከ መጸዳጃው ያለችው መተላለፊያ ብቻ ትነጠፍ።

ደግሞ የጋራው መንገድ አለ። ከ2000 ዓ.ም ወዲህ ወጣቶች በእጃቸው የጠረቡት ጥቁር ድንጋይ በየሰፈሩ ሲነጠፍ ነዋሪው ገንዘብ እያዋጣ ነበር። ግቢው የሚያብረቀርቅ፣ ለመንገዱ መዋጮ ሲጠየቅ ግን «እኔ መኪና አለኝ» የሚል ሰው በየሰፈሩ ይታወቃል። ከመንገድ ላይ የሚጎዳ ነገር ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ሙስሊም ዘግበዋል፤ አሥሩ አባወራ ተባብሮ የሚያስቆፍረው ዲች ከዚህ ውጭ ምን ሊሆን ይችላል?

ንጣፉን ጨርሶ ይህን ያነበበ ሰውስ? አንድ ረድፍ ድንጋይ ነቅሎ ለውኃው መስረጊያ መክፈት የሁለት ቀን ሥራ ነው። የጎረቤቱ ግድግዳ በእሱ ውኃ ተጎድቶ ከሆነ ግን ማስጠገኛው ሰደቃ አይደለም፤ ዕዳ ነው። ከዘካውም ሊከፍለው አይችልም፤ ዘካ የሰጪውን ዕዳ አይዘጋምና። ጎረቤቱ ይቅር ሊለው ይችላል፤ ቀድሞ ሄዶ መጠየቅ ግን የባለ ንጣፉ ድርሻ ነው። ይህም በበጋው ይሁን፤ ሰኔ ከገባ በኋላ የተለሰነ ግድግዳ አይደርቅም።