የካዚኖ ስለት

ሰው እጁ ላልገባ ገንዘብ ስለት የማስገባት ግዴታ አለበት? ጥያቄው የነገረ መለኮት ተማሪዎች የሚከራከሩበት ይመስላል እንጂ ወደ እኔ የመጣው ከፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ትንሽ የትርጉም ቢሮ አለኝ። ከጎኔ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሠራው ልጅ ኮፒ ሊያደርስልኝ ሲመጣ ቆም ብሎ ማውራት ይወዳል። ባለፈው ክረምት ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና "ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ፤ ትታመናለች አትታመንም?" አለኝ። ስክሪኑ ላይ 86,400 ብር ይላል። ያስገባው 500 ብር ነበር። ብሩን ለማውጣት ግን አስቀድሞ 4,300 ብር "የማረጋገጫ ግብር" ክፈል ተብሏል።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ልጁ ግን ጨዋታው ላይ ሳለ፣ ካሸነፈ ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ ሊያስገባ ተስሏል። የሚያስጨንቀውም ከ86,400ው ይልቅ ጃንጥላው ነው። "ገንዘቡ አልመጣም እንጂ ማሸነፉንስ አሸንፌያለሁ'ኮ" ይላል።

መጀመሪያ ካዚኖውን እንየው፤ ስለቱ ይቆየን።

ማስታወቂያው በአማርኛ ነው፣ አማርኛ ከተባለ። "ዛሬ ይመዝገቡ፣ 50 ነፃ ፈትል ያግኙ" ይላል። እናቴ በሕይወት ብትኖር እንዝርቷን ይዛ ትመዘገብ ነበር። ከሥሩ "ፈጣን ማፈግፈግ በ24 ሰዓት ውስጥ" ይላል። ገንዘብ ማውጣት ማለታቸው ነው መሰለኝ፤ ለድርጅቱ ጠባይ ግን ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኝለትም። ብዙ ብር ለሚያስይዙት የተለየ ክፍል አለ፣ "የከፍተኛ ተንከባላዮች ክለብ" ይባላል። ከሁሉም በታች በደቃቅ ፊደል "ውሎች እና ሁኔታዎች ያመለክታሉ" ተብሎ ተጽፏል። ለየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚያመለክቱ አልተገለጸም። ሣራ ነኝ የምትል የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ ደግሞ "ውድ ደንበኛ፣ አንተ በጣም ዕድለኛ ነሽ" ብላ ጽፋለታለች።

ቢሮዬ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ይህን አይተው ሳቁና "ይሄማ ሌባ ነው፣ አማርኛው ያስታውቃል" አሉ። እኔ አልተስማማሁም። ፈቃድ ያለው፣ ግብሩን የሚከፍል ትልቅ ኩባንያም ማስታወቂያውን ለማሽን አስረክቦ ልክ እንደዚህ መሳቂያ ይሆናል፤ እንጀራዬ ስለሆነ በየቀኑ አየዋለሁ። የተበላሸ ትርጉም አንባቢን የመናቅ ምልክት ነው፣ መናቅ ደግሞ ገና ሌብነት አይደለም። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። ከሣራ ጋር የተጻጻፉትን ወደ ታች እየገፋሁ ሳነብ፣ ክፍያው የሚነሳበት ቦታ ላይ ስደርስ አማርኛው በድንገት ቀና አለ። "ወንድሜ፣ ብሩን አሁን ላክና ደረሰኙን ስክሪንሾት አድርገህ ላክልኝ፤ እኔ ራሴ አፋጥንልሃለሁ።" ድርብ ሰረዟ ሳትቀር ቦታዋን ይዛለች። ይህን ማሽን አልጻፈውም። የጻፈው እዚሁ አገር ያደገ፣ ለማያውቁት ወጣት "ወንድሜ" ማለት ምን እንደሚያደርግ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው። የቀረው ገጽ ተነበበ አልተነበበ ግድ አልነበራቸውም፤ ይቺ መስመር ግን ሥራዋን መሥራት ነበረባት። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ የምትስቁበትን መስመር እለፉትና የማያስቀውን ፈልጉ።

ሌሎቹ ምልክቶች ብዙ ምርመራ አይፈልጉም። ገንዘቡ የሚላከው በድርጅት ስም ሳይሆን በአንድ ግለሰብ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ነው። ግብሩም ግብር አይደለም። የ2008 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጅ በዕድል ጨዋታ ገቢ ላይ 15 በመቶ የጣለ ሲሆን፣ ግብሩን ቀንሶ ለመንግሥት የሚያስገባው ሽልማቱን የሚከፍለው ድርጅት ነው፤ አሸናፊው ከኪሱ አውጥቶ በቅድሚያ የሚልክበት አሠራር የለም። ከገጹ ግርጌ የኩራሳዎ ፈቃድ ማኅተም ተለጥፏል። ኩራሳዎ በካሪቢያን ባሕር ያለች፣ በኔዘርላንድስ ንጉሣዊ ግዛት ሥር የምትገኝ ደሴት ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ለኦንላይን ቁማር ፈቃድ ስትሰጥ ቆይታለች። ለብዙ ዓመታት ጥቂት ዋና ፈቃድ የያዙ ድርጅቶች ለሌሎች እየቆረሱ ያከፋፍሉ ነበር፤ ሕጉ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ2024 መገባደጃ ነው። ማኅተሙ እውነተኛ ከሆነ ሲነኩት የተቆጣጣሪውን መዝገብ ይከፍታል። ይሄኛው ሲነኩት ምንም አያደርግም፣ ሥዕል ነው። በእኛ አገር የውርርድ ፈቃድ ሲሰጥ የኖረው በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ሎተሪ ነው፤ ይህ ካዚኖ ግን ስሙን ከብሔራዊ ሎተሪ ጋር አንድ ቦታ እንኳ አያነሳም።

ልጁ ይህን ሁሉ ሳላስረዳው በፊት በራሱ ጠርጥሮ ነበር። ለሣራም "አላመንኩም" ብሎ ጽፎላታል። የሣራ መልስ፦ "ዛሬ ከከፈልክ ሒሳብህ እጥፍ ይሆናል፣ 172,800 ብር።"

እዚህ ላይ የሒሳብ ሊቁና ፈላስፋው ብሌዝ ፓስካል ትዝ አለኝ። ፓስካል እ.ኤ.አ. በ1654 ከሌላው የሒሳብ ሊቅ ከፌርማ ጋር በተጻጻፋቸው ደብዳቤዎች መሐል ላይ የተቋረጠ ቁማር ድርሻ እንዴት እንደሚከፈል አስልቷል፤ የዛሬው የዕድል ሒሳብ ከዚያ ይነሳል። ይኸው ሰው ከሞተ በኋላ በታተመለት መጽሐፉ እግዚአብሔርን ማመንንም እንደ ውርርድ አስቀመጠው። እግዚአብሔር ካለ ትርፍህ መጨረሻ የለውም፣ ከሌለ የምታጣው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ አስይዝ ነው ነገሩ። ኒክ ቦስትሮም የሚባል ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ በዚህ ሐሳብ ተጫውቶበታል። አንድ ዘራፊ ፓስካልን ጨለማ መንገድ ላይ ያስቆመዋል፤ መሣሪያውን ግን ረስቶ መጥቷል። ስለዚህ ድርድር ይጀምራል፦ ቦርሳህን ስጠኝ፣ ነገ እጥፍ አድርጌ እመልስልሃለሁ። ፓስካል "የመመለስህ ዕድል እጅግ ትንሽ ነው" ይለዋል። ዘራፊው ታዲያ ምን ቸገረው፣ ዕድሉ ያነሰውን ያህል ሽልማቱን ከፍ ያደርጋል። ቁጥሩ በቂ ሲሆን የፓስካል ሒሳብ ራሱ ቦርሳውን አስረክብ ይለዋል። ፓስካልም ያስረክባል።

ሣራ ቦስትሮምን አላነበበችም፣ ሥራውን ግን ታውቃለች። የሽልማቱ ትልቅነት በእምነት ቦታ እንዲቆም አድርጋለች። ተጠራጥረህ ስትጠይቀው ልታየውና ልትነካው የምትችል ነገር የሚያመጣልህ አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ ስትጠራጠር ተስፋውን የሚያገዝፍልህ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። በወንጌል ሁለቱም አሉ። ቶማስ ካላየሁ አላምንም ሲል ጌታ እጁንና ጎኑን አሳየው እንጂ ከሌሎቹ ሐዋርያት የሚበልጥ ዙፋን አልጨመረለትም። በምድረ በዳ የቀረበው ፈታኝ ግን፣ በማቴዎስ አጻጻፍ፣ ከዳቦ ይጀምርና እምቢ በተባለ ቁጥር እየጨመረ ሄዶ የዓለምን መንግሥታት ሁሉ እሰጣለሁ ይላል። በየአዳራሹ "ዘርህን ዝራ፣ መቶ እጥፍ ታጭዳለህ" የሚሉትንም፣ ምርቱ ሲቀር ደግሞ "ዘርህ አንሷል፣ ጨምር" የሚሉትን፣ እኔ የማስቀምጣቸው ከሣራ ጋር ነው። የሚቀየም ይቀየም።

ፓስካል ራሱ ሞኝ አልነበረም፣ ውርርዱን ለማያምን ሰው የመጀመሪያ እርምጃ እንዲሆን ነው ያቀረበው። ቢሆንም እምነትን በትርፍ መጠን መለካት ከተለመደ በኋላ ጎል አስቆጣሪ የሚገምተውም፣ ስለት የሚሳለውም በአንድ ዓይነት ልብ ነው የሚያደርጉት። ልጁ ለገብርኤል ሲሳል ጃንጥላዋን እንደ ኮሚሽን ነበር ያሰባት።

"እሺ ጋሼ፣ ይሄስ ሌባ ይሁን" አለኝ። "ፈቃድ ያለውን፣ የሚከፍለውንስ ብጫወት?"

እውነቱን ለመናገር የጠበቅሁት ጥያቄ ይህ ነው፣ ከመጀመሪያውም ይከብዳል። ልጆቹ የሚወዷትን ያቺን ቀይ አውሮፕላን፣ አቪዬተርን እንውሰድ። የጨዋታው የተመላሽ መጠን 97 በመቶ ነው፤ አይደበቅም፣ ተጽፏል። በአማካይ ከተወራረድከው 100 ብር 3 ብር ለቤቱ ይቀራል ማለት ነው። አውሮፕላኗ ያስያዝከው ብር እጥፍ እስኪሆን የመቆየት ዕድሏ 48.5 በመቶ ግድም ነው። 3 ብር ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ያው 100 ብር በአንድ ምሽት ስንት ጊዜ ይመላለሳል? ደግሞ ጉርሻ አለ። 1,000 ብር ስታስገባ 1,000 ብር ይመረቅልሃል እንበል፤ ከማውጣትህ በፊት ግን ምርቃቱን 40 ጊዜ አዙረህ ተወራረድበት ይላል ውሉ። 40,000 ብር ታስይዛለህ። የ40,000 ሦስት በመቶ 1,200 ብር ነው። ስጦታውን ለመቀበል ከስጦታው በላይ 200 ብር ትከፍላለህ። ማንም አልዋሸህም፣ ማኅተሙም ሲነኩት ይከፈታል፣ ሣራም "ነህ" እና "ነሽ" ለይታ ትጽፋለች።

ታማኝነት ቃልን መጠበቅ ብቻ ከሆነ ይህ ካዚኖ ታማኝ ነው። የሚጠብቀው ቃል ግን "ትሸነፋለህ" የሚል ነው። አርስቶትል በኒቆማኮስ ሥነ ምግባሩ አራተኛ መጽሐፍ ዳይስ ተጫዋቹን ከሌባና ከሽፍታ ጋር በአንድ መደብ አስቀምጦታል። ያጭበረብራል ብሎ አይደለም፤ ሊሰጣቸው ከሚገባ ወዳጆቹ ስለሚያተርፍ ነው። በአርስቶትል ዘመን ቁማርተኛ የተሸናፊውን ፊት ያይ ነበር። ስልክ ላይ ፊት የለም። ያ 86,400 ብር እውነተኛ ቢሆን ኖሮ ከየት ይመጣ ነበር? ከአዳማም ከባሕር ዳርም፣ እንደሱ ወረቀት ሲያባዙ ውለው ማታ 500 ብራቸውን ካስገቡ ልጆች ነው የሚመጣው። ይህን ስለው ዝም አለ፤ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ "እነሱም'ኮ ፈልገው ነው" አለኝ። ልክ ነው፣ ፈልገው ነው። እኔ ግን ፈልጎ መሸነፍ የአሸናፊውን እጅ ያነጻል ብዬ አላምንም።

ለሙስሊም ጓደኞቼ ክርክሩ አጭር ነው፤ ሱረቱል ማኢዳህ ቁማርን ከአስካሪ መጠጥ ጋር አንድ ላይ ከልክሎታል። እኛ ክርስቲያኖች በመጽሐፋችን ዕጣ ስላለ እንወዛገባለን። ማትያስ በይሁዳ ቦታ የተተካው በዕጣ አይደለም ወይ ይላል ተከራካሪ። ነው። በዚያ ዕጣ ግን ያስያዘም የተዘረፈም ሰው አልነበረም፤ ምርጫውን ከራሳቸው እጅ አውጥተው ለእግዚአብሔር ተዉት። ወታደሮቹም በቀራንዮ ዕጣ ጣሉ፣ የቀሚሱ ባለቤት ግን ከራሳቸው በላይ ተሰቅሎ ነበር። የዛሬው ጨዋታ የሚመስለው የሐዋርያቱን ነው ወይስ የወታደሮቹን፣ ልጁ ራሱ መለሰው።

ወደ ስለቱ እንምጣ። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ስክሪኑ ላይ የነበረው ቁጥር ገንዘብ አልነበረም፣ 4,300 ብር ለማስከፈል የተጻፈ ጽሑፍ እንጂ። ስለዚህ "ካሸነፍኩ" የሚለው ሁኔታ አልተሟላም፣ ስለቱም አያስረውም። ገንዘቡ እጁ ቢገባ ኖሮስ? ያኔም ጃንጥላው ባይገዛበት እመርጥ ነበር። ይሁዳ ሠላሳውን ብር መቅደስ ውስጥ ሲጥለው፣ ያንን ብር ራሳቸው የከፈሉት ካህናት እንኳ ወደ መባው ሣጥን ማስገባቱን ነውር ብለው ለእንግዶች መቀበሪያ የሸክላ ሠሪ መሬት ገዙበት። እነዚያ ያላስገቡትን እኛ እናስገባ?

ልጁ በዚህ አልረካም። "ጋሼ፣ ቁልቢ የሚገባው ሁሉ ከየት እንደመጣ ማን ጠይቆ ያውቃል?" አለ። ማንም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ከሚገባው ወርቅና ምንጣፍ መካከል የስንቱ ምንጭ ቢመረመር እንደሚያሳፍር እሱም እኔም እናውቃለን። የሌላው አለመጠየቅ ግን ለእሱ ፈቃድ አይሆነውም፤ አልኩት።

ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄደ። እሳቸው ደግሞ ከእኔ በተቃራኒ ፈረዱ። መጀመሪያ የካዚኖውን መተግበሪያ ፊታቸው ላይ ከስልኩ አስጠፉት። ከዚያ ቃል የገባኸው ለካዚኖው ሳይሆን ለመልአኩ ነው፣ ከደመወዝህ አጠራቅመህ ታስገባለህ፣ ጃንጥላው ትንሽ ቢሆንም ግድ የለም አሉት። እኔ አሁንም አልተስማማሁም። ቅድመ ሁኔታ ያለው ቃል ሁኔታው ሲቀር ይቀራል ባይ ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት ውል ስተረጉም የኖርኩ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ሊል ይችላል። ልጁ የሰማው የእሳቸውን ነው።